ካርቱኑ አርጅቷል፤ አለቃስ?

በየጥቂት ወሩ አንድ ቪዲዮ ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል። ቢጫ ፊት ያላቸው የካርቱን ሰዎች፣ ከሥራቸው ደግሞ ደማቅ ጽሑፍ፦ «ሲምፕሰንስ ይህንንም ተንብየውት ነበር!» ወረርሽኝ ሲመጣ ይለቀቃል። ምርጫ ሲደረግ ይለቀቃል። የሆነ ቦታ ድልድይ ሲወድቅም ይለቀቃል። ብዙው በኮምፒውተር የተገጣጠመ ሐሰት ነው፤ ግን ማን ያጣራል? ከደብረ ታቦር እስከ ቦሌ፣ ብዙው የእኛ አገር ሰው ይህን ካርቱን የሚያውቀው በዚህ በኩል ነው። ሊያስቅ የተሠራ ነገር እኛ ዘንድ ሲደርስ ፍካሬ ሆኗል።

እውነት የሆነውም አለ። በማርች 2000 እ.ኤ.አ. በታየ አንድ ክፍል ዶናልድ ትራምፕ ፕሬዚዳንት ሆነው እንደነበር ይነሳል። ጸሐፊዎቹ ከነቢይ ቤት የተወለዱ ስለሆኑ አይደለም። «አገሪቱ ብታብድ የመጨረሻው እብደት ምን ይሆን?» ብለው አሰቡና ጻፉት። ክፍሉን የጻፈው ሰው ከዓመታት በኋላ ሲጠየቅ ነገሩ ለአሜሪካ ማስጠንቀቂያ እንደነበር ተናግሯል። ሊሆን አይችልም ተብሎ የተጻፈው ሆነ። ፌዘኛ ከዚህ የከፋ ጠላት የለውም። ያጋነነውን ነገር ዓለም በተራ የሥራ ቀን ስታደርገው፣ ለእሱ የሚያጋንነው አይተርፈውም።

«ዘ ሲምፕሰንስ» በማት ግሬኒንግ ተፈጥሮ በፎክስ ቴሌቪዥን መታየት የጀመረው ዲሴምበር 17 ቀን 1989 እ.ኤ.አ. ነው። ከ750 ክፍል በላይ ሆኗል፤ አሁንም ይሠራል። ልጁ ባርት ያኔ 10 ዓመቱ ነበር፤ ዛሬም 10 ዓመቱ ነው። ያኔ በእሱ ዕድሜ ሆነው እየሳቁ ያዩት ልጆች ግን አሁን የአባቱን የሆመርን ዕድሜ አልፈዋል። በአሜሪካ ይህን ካርቱን በሚወዱ ሰዎች መካከል ከ20 ዓመት በላይ ያላባራ አንድ ክርክር አለ፦ አሁንም ያስቃል ወይ? አብዛኛው የድሮ ወዳጅ «የመጀመሪያዎቹ 10 ምዕራፎች ወርቅ ናቸው፤ የቀረው ልማድ ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ «ካርቱኑ አልተለወጠም፤ ያረጀኸው አንተ ነህ» ብሎ ይመልሳል።

ሁለቱም የዘለሉት አንድ ነገር አለ። ካርቱኑ ሲጀምር ያስቆጣ ነበር። በ1992 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ፣ ትልቁ፣ የአሜሪካ ቤተሰብ እንደ ሲምፕሰንስ እንዳይሆን ምኞታቸውን በአደባባይ ተናግረዋል። የአንድ ኃያል አገር መሪ ከካርቱን ጋር እሰጥ አገባ ገጠመ ማለት ነው። ከ11 ዓመት በኋላ፣ በ2003 እ.ኤ.አ.፣ የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ቶኒ ብሌር በሥልጣን ላይ እያሉ በገዛ ድምፃቸው እዚያው ካርቱን ውስጥ እንግዳ ሆነው ገቡ። ዓመቱ ኢራቅ የተወረረችበት ነው። ፌዙ የት ላይ እንደለዘዘ ለሚጠይቅ ሰው ከነዚህ ሁለት ዓመታት የተሻለ መልስ አይገኝም። መጀመሪያ ባለሥልጣኑ ተቆጣ፤ ኋላ ባለሥልጣኑ ተጋበዘ። ከዚያ በኋላ የሲምፕሰንስ መጫወቻ በመዝናኛ ፓርክ ተተከለለት። የሚፌዝበት ሰው አብሮ መሳቅ ሲጀምር ቀልዱ አይሞትም፤ ጥርሱ ግን ይወልቃል።

ያ ካርቱን በአሜሪካ ሳሎኖች መታየት በጀመረበት በእኛ 1982 ዓ.ም. የጉና ተራራ ዙሪያ የደርግና የኢሕአዴግ ጦር የሚታኮስበት ሜዳ ነበር። የደቡብ ጎንደር ሰው የዚያን ዓመት ወሬ የሚሰማው በሬዲዮ ነው፤ እሱንም ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ስለዚህ «አሁንም ያስቃል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ወደዚህ አካባቢ ሲመጣ መጠየቅ ያለበት በካርቱን አይደለም። እዚህ ከየትኛውም ካርቱን የሚበልጥ ዕድሜ ያለው ሌላ ተከታታይ አለ፤ አለቃ ገብረ ሃና።

አለቃ የፎገራ ሰው ናቸው። በዛሬው አከላለል ደቡብ ጎንደር ማለት ነው። በአፄ ቴዎድሮስና በአፄ ምኒልክ ዘመን የኖሩ፣ ጎንደር ያስተማሩ፣ የቅኔና የአቋቋም ሊቅ ነበሩ። በልጃቸው ስም የሚጠራው የተክሌ አቋቋም የእሳቸው ፈጠራ ነው ይባላል፤ የጣና ማዕበል ወዲያና ወዲህ ሲል አይተው እንዳወጡትም ይነገራል። ደብረ ታቦር ደግሞ የተክሌ አቋቋም ዋነኛ ማስመስከሪያ ሆና የኖረች ከተማ ናት። ዛሬም መቋሚያው ሲወዛወዝ የሚታየው የአለቃ እጅ ነው። ሕዝቡ ግን አለቃን የሚያስታውሳቸው በአቋቋማቸው ሳይሆን በአፋቸው ነው። ሊቅነታቸውን ለካህናት ትቶ ቀልዳቸውን ለራሱ ወሰደ።

ቀልዳቸው እንዴት እንደሚሠራ ለማየት አንዱ ይበቃል። እንደሚነገረው፣ አለቃ ተጋብዘው በሄዱበት ቤት መሶቡ ሲከፈት አይጥ ዘልላ ትወጣለች። ባለቤቶቹ ያፍራሉ፤ እንግዳው ያላየ መስሎ ይበላል። በልተው ሲነሡ አለቃ ይመርቃሉ፦ «ከመሶባችሁ አይጥፋ!» ሰሙ ምርቃት ነው። ወርቁን ለማግኘት ቃሉን መሀል ላይ መስበር ነው። ባለቤቷ «አሜን» ካለች የተሰደበችበትን አጸደቀች፤ ዝም ካለች ምርቃት እምቢ አለች። መውጫ የለም። ደግሞም ማንም ሰው አለቃን «ሰደቡኝ» ብሎ ሊከሳቸው አይችልም፤ የተናገሩት ምርቃት ነዋ።

ሌላውም አለ። አህዮች እየነዱ ሲያልፉ ጎረምሶች «እንደምን ዋሉ የአህዮች አባት?» ቢሏቸው «እግዚአብሔር ይመስገን፤ እናንተስ እንደምን ዋላችሁ ልጆቼ?» አሉ ይባላል። እንዲህ ያለውን ቀልድ ቱርኩም አረቡም ለናስረዲን ሆጃ ይሰጠዋል። አለቃ ይበሉት አይበሉት ማንም አያውቅም። ምስጢሩም እዚህ ላይ ነው። ሲምፕሰንስ በየዓመቱ ጸሐፊ እየቀያየረ ያንኑ ባርትን እንደሚያስቀጥል፣ የእኛም ሕዝብ ከ100 ዓመት በላይ ጸሐፊ እየሆነ ያንኑ አለቃ ያስቀጥላል። ጠጅ ቤቱ፣ ለቅሶ ቤቱ፣ የቆሎ ተማሪው፣ የአውቶቡስ ተሳፋሪው ሁሉ አንድ አንድ ክፍል ጽፏል። ልዩነቱ አለቃ ባለቤት የላቸውም። የሚሸጣቸው ድርጅት፣ የሚያቋርጣቸው ጣቢያ፣ ውላቸውን የሚያድስ አለቃ የለም።

ታዲያ አሁንም ያስቃሉ?

እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ሁሉም አያስቅም። በባለቤታቸው በወይዘሮ ማዘንጊያ ላይ የተደረደረው ቀልድ ዛሬ ሴት ልጅ በተቀመጠችበት ሲነገር ሳቁ ከወንዶቹ በኩል ብቻ ነው የሚመጣው። በዚያው ዘመን ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን ለማንኳሰስ የተነገረው ተረብም እንዲሁ ነው፤ ያኔም ቢሆን የሚያስቀው የሚስቀውን እንጂ የሚሳቅበትን አልነበረም። እነዚህ ክፍሎች አርጅተዋል። ማርጀታቸውም አያሳዝንም።

ከዚህ የባሰው እርጅና ግን ሌላ ነው። አለቃ ተገርተዋል። በየመጽሐፍ መደብሩ «የአለቃ ገብረ ሃና ቀልዶች» እየተባለ የሚታተመው ስብስብ ብዙውን ጊዜ የሆድ፣ የጠላና የሚስት ቀልድ ነው። አለቃን አለቃ ያደረጋቸው ግን ይህ አልነበረም። ቀልዱን የሚናገሩት ሊቀጣቸው በሚችል ሰው ፊት ነበር፤ በጌታው ግብር ላይ፣ በቤተ መንግሥት፣ በሊቃውንት ጉባኤ። ቅኔው ያስፈለገው ለውበት ብቻ ሳይሆን ለመትረፍም ነው። እኛ ዛሬ የምንስቀው በሞቱ ጌቶች ነው። በሞተ ጌታ ላይ ለመሳቅ ደግሞ ቅኔ አያስፈልግም፤ ድፍረትም አያስፈልግም።

ሥልጣን የፌዝን ጉልበት ከሕዝቡ በተሻለ ያውቀዋል። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ግራዚያኒ ከአርበኛውና ከተማረው ሌላ በየገበያው እየዞሩ የሚተርኩትን፣ ጠንቋዮችንና መናንያንን ጭምር እንዲያጠፉ አዟል። መትረየስና አውሮፕላን ያለው ጦር በገበያ መሀል የሚናገር ሰው ፈራ። ጎንደር የአዝማሪ አገር ናትና ትእዛዙ ማንን እንደሚነካ ለመገመት አይከብድም። ያ ሰው ቢያንስ የቀልድና የወሬን ዋጋ በትክክል ገምቶ ነበር።

ወደ ዘመናችን ቴሌቪዥን እንምጣ። በኢቢሲ ለዓመታት የዘለቀው፣ ጥላሁን ጉግሳ የሚተውንበት «ቤቶች» ምናልባት ለሲምፕሰንስ የቅርብ ዘመዳችን ነው። ቤተሰብ አለ፣ ሠራተኛ አለ፣ ጎረቤት አለ፤ በየሳምንቱ ችግር ይፈጠራል፣ በየሳምንቱ ይፈታል። ብዙ ቤተሰብ አብሮት አድጓል። «ድሮ ይሻል ነበር» የሚለው ቅሬታም እንደ ሲምፕሰንስ ሁሉ እሱንም አልተወውም። ይህ ለአንድ ኮሜዲ ስድብ አይደለም፤ ረጅም ዕድሜ የኖረ ሁሉ የሚከፍለው ግብር ነው።

«ምን ልታዘዝ» ግን ይህን ግብር ለመክፈል አልታደለም። በለውጡ ሰሞን በፋና ቴሌቪዥን የቀረበው፣ በኃይሉ ዋሴ የጻፈው ይህ ኮሜዲ ካፌ ውስጥ የሚካሄድ ነበር። ካፌው ግን ካፌ ብቻ እንዳልሆነ ተመልካቹ ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ገብቶታል። አስተናጋጆቹ ሲጣሉ፣ ባለቤትነቱ ሲያጨቃጭቅ፣ ወንበሩ ሲቀያየር፣ ሰው በየቤቱ «ይሄ እገሌ ነው፤ ያ ደግሞ የእነ እገሌ ነገር ነው» እያለ ይፈታ ነበር። በመንደሩ አዛውንት ዘንድ የቀረ የመሰለው ሰምና ወርቅ በቴሌቪዥን ተመልሶ መጣ። ኤሌክትሪክ ያገኘ አለቃ ገብረ ሃና ነበር ማለት ይቻላል። ግን ብዙ ሳይቆይ ከስክሪን ራቀ። ከዚያም ወዲህ እሱን የተካ ሳምንታዊ የፖለቲካ ፌዝ በቴሌቪዥናችን ሥር ሰድዶ አልታየም።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። አሜሪካዊው «ይህ ካርቱን ከ30 ዓመት በኋላ ሰለቸኝ» ብሎ ያማርራል። እኛስ? እስኪሰለቸን የኖረልን የፖለቲካ ፌዝ የትኛው ነው? ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ፣ ልመንህ ታደሰና አለባቸው ተካ ያሳቁት ትውልድ አለ። በረከት በላይነህ ጽፎት ግሩም ዘነበ ብቻውን የተወነው «እያዩ ፈንገስ» አዳራሽ ሞልቶ አስቋል፣ አስለቅሷል። እያንዳንዱ ግን ብልጭ ብሎ የሚታወስ ነው። የእኛ ፌዝ በእርጅና አይሞትም፤ በልጅነቱ ይቀጫል። መሰልቸት የሚባለው ነገር ራሱ የነፃነት ትርፍ ነው። አንድ ፌዝ አርጅቶ፣ ደክሞ፣ «አሁንስ በቃህ» ተብሎ በተመልካች ፈቃድ የሚቀበርባት አገር የታደለች አገር ናት።

ነገር ግን ሁሉንም በመንግሥት ማሳበብ ቀላሉ መንገድ ነው። ፌዘኛውም የሚጠየቅበት አለው።

ሲምፕሰንስ ውስጥ አፑ የሚባል ሕንዳዊ ባለሱቅ ነበር። ለብዙ ዓመታት ሕዝቡ በአነጋገሩ ስቋል። ድምፁን የሚሰጠው ግን ሕንዳዊ ሳይሆን ሃንክ አዛሪያ የሚባል ነጭ አሜሪካዊ ተዋናይ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. አንድ የሕንድ ዝርያ ያለው ኮሜዲያን፣ ሃሪ ኮንዳቦሉ፣ በዚህ ገጸ ባሕርይ ምክንያት ስንት ልጅ በትምህርት ቤት ሲሾፍበት እንዳደገ በዘጋቢ ፊልም አሳየ። በ2020 እ.ኤ.አ. ተዋናዩ ያንን ድምፅ እንደማይሰጥ አስታወቀ። «ኧረ ቀልድ ነው!» ያሉ ብዙ ነበሩ። ቀልድ መሆኑን ማንም አልካደም፤ ጥያቄው የማን ቀልድ ነው የሚል ነበር።

የእኛስ አፑ ማን ነው? የአዲስ አበባን ኮሜዲ፣ ማስታወቂያና የቲክቶክ ቀልድ ላየ ሰው መልሱ ሩቅ አይደለም፤ ገጠሬው ነው። ጋቢ ለብሶ፣ ዱላ ይዞ፣ ሊፍት ሲያይ የሚደነግጥ፣ የጎንደርን ወይም የጎጃምን አነጋገር አጋንኖ የሚናገር ሰው። እስቴ፣ ፋርጣ፣ ጋይንት ያለው ገበሬ በዚህ ቀልድ ውስጥ ሁልጊዜ ይሳቅበታል እንጂ አይስቅም። የሚገርመው፣ በእውነቱ ዓለም በቀልድ የሚያሸንፈው እሱ ነው። የገበያ ቀን አንድ በግ ለመሸጥ የሚለዋወጠውን ነገር የሰማ፣ ሽማግሌ ሲያስታርቅ በአንዲት ምሳሌ ባለጋራውን እንዴት እንደሚያፍረው ያየ ሰው ይህን ያውቃል። የአለቃ ቋንቋ የተወለደው እዚያ ነው። ከተማው ግን ቋንቋውን ትቶ ቅላጼውን ወሰደ፤ ወርቁን ጥሎ በሰሙ ሳቀ። ደቡብ ጎንደር ፌዝን ለአገር ያበደረች ምድር ናት፤ ዛሬ የተመለሰላት የፌዝ መሳቂያ መሆን ነው።

«አሁን የቀልድ ጊዜ ነው ወይ?» የሚል አለ፤ መብቱም ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ደብረ ታቦር ላይ ከባድ መሣሪያ ወድቆ ሰላማዊ ሰዎች ሞተዋል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ደግሞ ክልሉ ተኩስን፣ የተዘጋ መንገድን፣ የተዘጋ ትምህርት ቤትን፣ ለወራት የተቋረጠ የሞባይል ኢንተርኔትን አይቷል። ልጁ የት እንዳለ ለማያውቅ እናት ስለ ካርቱን ማውራት ነውር ሊመስል ይችላል።

ግን ሕዝቡ ራሱ ምን ያደርጋል? ይቀልዳል። ለቅሶ ቤት ሦስተኛው ቀን ላይ የሟቹን አስቂኝ ነገር የሚያነሳ አንድ ሰው አይጠፋም፤ ሐዘንተኛዋም በእንባዋ መሀል ፈገግ ትላለች። ማንም «ሟቹን ናቀ» አይለውም፤ «አጽናናት» ይባላል። ኬላ ላይ ወርዶ የተፈተሸ ተሳፋሪ ሚኒባሱ እንደተንቀሳቀሰ አንድ ነገር ይወረውራል፤ ሰው ሁሉ ይስቃል፤ የታፈነው ትንፋሽ ይወጣል። ይህ ሳቅ ችግሩን ስለማያውቁ የሚሳቅ አይደለም። ከችግሩ ጋር ነገም ስለሚነሡ የሚሳቅ ነው። ስለዚህ ጥያቄው በመከራ ጊዜ ይቀለዳል ወይ አይደለም፤ ሁልጊዜም ተቀልዷል። ጥያቄው የተቀለደው ለምን ሚኒባሱ ውስጥ ብቻ ይቀራል የሚለው ነው።

ስልክ ያንን ሳቅ ከሚኒባሱ ያወጣዋል ተብሎ ነበር። አውጥቶታልም፤ ግን ከፋፍሎ ነው ያወጣው። ዛሬ በየወገኑ ፌዘኛ አለ። የመንግሥት ደጋፊው በተቃዋሚው ይስቃል፤ ተቃዋሚው በደጋፊው ይስቃል፤ ውጭ አገር ያለው አገር ቤት ባለው ይስቃል። ሁሉም የሚናገረው ከወገኑ መሀል ተቀምጦ፣ ለወገኑ ጆሮ ነው። ሲስቁለት እንጂ ሲቆጡት አያይም። ይህ ፌዝ አይባልም፤ ሳቅ የተቀላቀለበት ስድብ ነው። ስድብ ደግሞ ከማንም ካርቱን ቀድሞ ያረጃል፤ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ይደገማል፤ ሦስተኛው ላይ ይሰለቻል።

አንድ ቀልድ አሁንም መሥራት አለመሥራቱን ለመለካት በዓመት አንድ ቀን በየሰፈሩ የሚታይ መለኪያ አለ። ነሐሴ 13 ቀን፣ የከተማዋ ስም በተጠራበት በደብረ ታቦር በዓል፣ ቡሄ ጨፋሪ ልጆች በየደጁ ይቆማሉ። ሙልሙል የሰጠውን ያወድሳሉ፤ የነፈገውን ይሸረድዳሉ። የሚሸረድዱት ግን ከጎረቤት ቤት ተደብቀው አይደለም። ራሱ ሰውየው በር ላይ፣ ዱላቸውን መሬት እየመቱ፣ እየሰማቸው ነው። ሰውየው ሊያባርራቸው ይችላል፤ ሊስቅና ሊሰጥም ይችላል። ቢያባርራቸው ሰፈሩ ሁሉ ይሰማበታል። ቢሰጥ በዚያው ይመረቃል። ልጆቹ 10 ዓመት እንኳ ሳይሞላቸው ፌዝ ማለት ምን እንደሆነ ያውቃሉ፤ ለባለጉዳዩ፣ በባለጉዳዩ በር ላይ፣ እሱም እንዲሻሻል በር ከፍቶ የሚነገር ነገር ነው።

በዚህ መለኪያ ሲምፕሰንስ ከበሩ ላይ ተነሥቶ ሳሎን ገብቷል፤ ባለቤቱ ወንበር ሰጥቶታል። አልፎ አልፎ ጥሩ ይናገራል፤ ግን እንግዳ ነው፤ እንግዳ ደግሞ ባለቤቱን አያሳፍርም። አለቃ ገብረ ሃና በመጽሐፍ ተጠርዘው መደርደሪያ ላይ ናቸው፤ የሚያወርዳቸውና በሕያው ጌታ ፊት የሚያናግራቸው ይፈልጋሉ። «ምን ልታዘዝ» በሩን ገና አንኳኩቶ ሄደ። የቲክቶኩ ተሳዳቢ የማንም በር ላይ አልቆመም።

ስለዚህ አንድ ሰው «ያ ነገር አሁንም ያስቃል ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ የሳቁን መጠን ከመለካት በፊት ማየት ያለበት ሌላ ነገር አለ፤ ቀልዱ ሲነገር ዞር ብሎ በሩን የሚያይ ሰው መኖሩን። ተናጋሪው በሩን ካየ ቀልዱ ሕያው ነው፤ አገሪቱ ግን ታማለች። ማንም በሩን የማያይ ከሆነ ወይ አገሪቱ ነፃ ወጥታለች፣ ወይ ቀልዱ ሞቷል። የእኛ ሰው ዛሬም ከመቀለዱ በፊት በሩን ያያል። የፎገራው ሊቅ ሥራ ገና አላለቀም ማለት ነው።